በሦስት ጉልቻ የቆመ ድምፅ

ትራምፔት መማር የጀመረ ሰው የመሣሪያውን ወለል ቶሎ ያገኘዋል። ሦስቱንም ቫልቭ ሲጫን የሚወጣው ድምፅ፣ ወረቀት ላይ ከአምስቱ መስመሮች በታች ኤፍ ሻርፕ ተብሎ የሚጻፈው፣ የመጨረሻው ነው ይባላል። የጣት ሰንጠረዡም እዚያው ላይ ያበቃል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከረጅም ልምምድ በኋላ ከንፈሩ ዝሎ ሳለ፣ ተማሪው እንደ ዋዛ ሲነፋ ያልጠበቀው ነገር ይወጣል፤ እንደ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር የሚንተከተክ፣ ወፍራም፣ በእጁ ከያዘው ትንሽ መሣሪያ ጋር የማይመጣጠን ድምፅ። አብዛኛው ተማሪ ደንግጦ ያቆማል፤ አንድ ነገር የተበላሸ ይመስለዋል። በዚህ ቅጽበት ቀና ብለው ያዩኝ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ድገሙት።

ድምፁ ስም አለው፤ ፔዳል ይባላል። ስሙ የመጣው ከኦርጋን ነው። ኦርጋን ተጫዋች የቤዝ ኖታዎቹን በእግሩ ስለሚረግጥ፣ በነሐስ መሣሪያዎች ላይም ከመደበኛው ክልል በታች ያሉት ድምፆች በዚያው ስም ተጠሩ። ስለ ፔዳል የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከንፈር የሚያድን መድኃኒት ይደረጋል፣ ወይ ጊዜ ማባከኛ ተብሎ ይጣላል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፔዳል ምን እንደሆነ በትክክል ካወቃችሁ እንዴት መለማመድ እንዳለባችሁ ድምፁ ራሱ ይነግራችኋል። ስለዚህ ከአየሩና ከቱቦው እንጀምር፤ ወደ ልምምዱ በመጨረሻ እንደርሳለን።

አስቀድሞ ስለ ኖታ ስም አንድ ነገር። አብዛኞቻችን የምንነፋው ቢ ፍላት ትራምፔት ነው። ወረቀት ላይ ሲ የሚለውን ስንነፋ ፒያኖ ላይ ቢ ፍላት የሚባለው ይሰማል። ከዚህ በታች የኖታ ስም ስጠራ ትራምፔት ተጫዋች ወረቀት ላይ የሚያየውን ማለቴ ነው። ቁጥር ስጠቅስ ግን በአየር ላይ የሚሰማውን እውነተኛ ንዝረት ነው፤ 1 ኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ንዝረት ነው። ያለ ቫልቭ የሚወጣው ዝቅተኛው መደበኛ ሲ 233 ኸርዝ ነው። ፔዳል ሲ ከእሱ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ 116.5 ኸርዝ ላይ ይገኛል።

ትራምፔት ላይ የሚንቀጠቀጠው ብረቱ አይደለም፤ ከንፈርና አየር ናቸው። ከንፈር እንደ በር ነው። ከሳንባ የሚመጣው አየር ይከፍተዋል፣ ወዲያው ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር አንድ የአየር ምት ወደ ቱቦው ይገባል። ምቱ እስከ ቤሉ ይሄድና ሁሉም ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከፊሉ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ደግሞ አብዛኛው፣ ተመልሶ ወደ ከንፈር ይመጣል። ከንፈሩ ሊከፈት ሲል ከደረሰ ያግዘዋል፤ ሊዘጋ ሲል ከደረሰ ይጣላዋል። ልጅን ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጦ የገፋ ሰው ይህን ያውቃል፤ በጊዜው የተሰጠ ትንሽ ግፊት ልጁን ሽቅብ ያወጣዋል፣ ያለ ጊዜው የመጣ ትልቅ ግፊት ግን ያቆመዋል። ቱቦው በጊዜው መልሶ የሚያግዛቸውን ድምፆች ፊዚክስ ሬዞናንስ ይላቸዋል። እኔ ማረፊያ እላቸዋለሁ፤ ተጫዋቹ ከንፈሩ ላይ የሚሰማው በትክክል ይሄ ነውና። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ገብቶ ያርፋል።

ማረፊያዎቹ የት የት ናቸው? የቢ ፍላት ትራምፔት ቱቦ ተዘርግቶ ቢለካ 1.48 ሜትር ገደማ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ትራምፔት ቤልም ማውዝፒስም የሌለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ስፋት ያለው ቱቦ ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ በኩል በከንፈር የተዘጋ በሌላው በኩል የተከፈተ፣ ምቱ ክፍቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተገልብጦ ይመለስ ነበር፤ ግፊት ሆኖ ሄዶ ስበት ሆኖ ይመጣል። እንደ መጀመሪያው ግፊት ሆኖ ከንፈር ላይ ለመድረስ ሁለት ጊዜ መመላለስ አለበት። ስሌቱ 58 ኸርዝ አካባቢ ያደርሰናል። እንዲህ ያለ ቱቦ ማረፊያዎቹ የ58 ጎዶሎ ብዜቶች ብቻ ናቸው፦ 58፣ 174፣ 290፣ 406፣ 522። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቆርጣችሁ ማውዝፒስ ብትሰኩበት የምትሰሙት ለዚህ የቀረበ ነው። ድምፅ አለው፤ ግን በማረፊያዎቹ ዜማ መንፋት አትችሉም፤ ኦክታቭ እንኳ በመካከላቸው የለም።

የመሣሪያ ሠሪዎች ጥበብ እዚህ ላይ ይገባል። እነዚህን የተዛቡ ማረፊያዎች ወደ ሙዚቃ ያመጧቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ጫፍ ያለው ቤልና በሌላው ጫፍ ያለው ማውዝፒስ። ቤሉ እየሰፋ የሚሄድ ነው። ረጅም ሞገድ ያለው ዝቅተኛ ድምፅ መስፋት እንደጀመረ የቱቦው ጫፍ የደረሰ ያህል ይሆንበትና ገና ከጠርዙ በፊት ይመለሳል። አጭር ሞገድ ያለው ከፍተኛ ድምፅ ግን ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ትራምፔት ለዝቅተኛ ድምፆች አጭር ቱቦ፣ ለከፍተኛ ድምፆች ረጅም ቱቦ ነው። ቱቦ ሲያጥር ድምፅ ይወጣልና ቤሉ የታችኞቹን ማረፊያዎች ከፍ ያደርጋቸዋል፤ የታችኛውን ይበልጥ፣ የላይኛውን ያነሰ።

ማውዝፒሱ ደግሞ ከላይ ያሉትን ያስተካክላል። ጽዋው ትንሽ አየር ይይዛል፤ ጉሮሮው ከ4 ሚሊሜትር ያነሰ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ማውዝፒሳችሁን ከትራምፔቱ ነቅላችሁ ጠርዙን በመዳፋችሁ መታ ብታደርጉት ቀጭን "ፖፕ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ የራሱ የማውዝፒሱ ድምፅ ነው። ወደዚህ ድምፅ የሚጠጉት ከፍተኛ ማረፊያዎች ቱቦው በማውዝፒሱ በኩል የተጨመረለት ያህል ይሆንላቸውና ዝቅ ይላሉ። አንዱ ከታች ወደ ላይ እየገፋ፣ ሌላው ከላይ ወደ ታች እየሳበ፣ 174 የነበረው 233 ይሆናል፤ 290 የነበረው 350፣ 406 የነበረው 466፣ 522 የነበረው 583። ቀጣዩ 699 ነው። እያንዳንዱን ለ116.5 አካፍሉት፤ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ታገኛላችሁ። እነዚህ ናቸው ያለ ቫልቭ የምንነፋቸው ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ጂ። የጥሩንባ ጥሪዎች ሁሉ የሚሠሩት ከእነዚህ ነው። እኔ ይህን ሥራ ከሰው ልጅ የእጅ ጥበብ ታላላቆች መካከል እቆጥረዋለሁ፤ በብረት ሥራና በጆሮ ብቻ፣ ሒሳቡ ሳይታወቅ በፊት የተደረሰበት ነውና።

አሁን የቀረውን የመጀመሪያውን ማረፊያ እንመልከት። 58 ላይ የነበረው። ቤሉ ከሁሉም አብልጦ ከፍ አድርጎታል፤ ሆኖም የደረሰው ከ80 እስከ 90 ኸርዝ መካከል ብቻ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ለመስማማት 116.5 መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። ስለዚህ ፔዳል ሲ በሚጻፍበት ቦታ ትራምፔት ላይ ማረፊያ የለም። የመጀመሪያው ማረፊያ ከቦታው ርቆ፣ ከማንም ጋር ሳይስማማ ታች ቀርቷል።

ታዲያ ተማሪው የነፋው ድምፅ ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ያነሳው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ አንሪ ቡዋስ ነው፤ በ1929 እ.ኤ.አ. ስለ ትንፋሽ መሣሪያዎች ባሳተመው ሥራ። በክሊቭላንድ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አርተር ቤናድ ሐሳቡን አስፋፍቶ በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው ትልቅ የሙዚቃ አኩስቲክስ መጽሐፉ ለብዙዎች አደረሰው። መልሱን በጭብጨባ ላስረዳ።

ሦስት ሰዎች አንድ ዙር ጊዜ ተሰጥቷቸው ያጨበጭባሉ እንበል። አንዱ በዙሩ ውስጥ እኩል ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ፣ ሦስተኛው አራት ጊዜ። ሦስቱም አብረው የሚገጥሙት በዙሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዙር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያጨበጭብ የታዘዘ ሰው የለም፤ ያ የጋራ ምት ግን ከሁሉም ደምቆ ይሰማል፣ ዙሩን የሚይዘውም እሱ ነው። በትራምፔቱ ውስጥ የሚሆነው ይሄ ነው። ከንፈር በሰከንድ 116.5 ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚልከው ምት ለስላሳ አይደለም፤ በውስጡ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የሆኑ ንዝረቶችን፣ ሃርሞኒክ የምንላቸውን፣ ይዞ ይሄዳል። ቱቦው ለ116.5 መልስ የለውም። ለ233 ግን አለው፤ ለ350ም አለው፤ ለ466ም አለው። እነዚህ ሦስቱ ተመልሰው መጥተው ከንፈሩን አብረው የሚገፉት በዙሩ መጀመሪያ ላይ ነው። ከንፈሩም በዚያ ጊዜ ይከፈታል።

ድስት ከሥሩ ምንም ነገር ሳይነካው በሦስት ጉልቻ ይቆማል። ፔዳል ሲ እንደዚያ ነው። 233፣ 350 እና 466 ጉልቻዎቹ ናቸው፤ ከሥሩ ባዶ ነው። 85 አካባቢ የቀረው የመጀመሪያው ማረፊያ ደግሞ ከምድጃው ወጥቶ የተጣለ አራተኛ ድንጋይ ነው፤ ድስቱን አይነካውም። ቤናድ ይህን ትብብር ለማሳየት በተቃራኒው መንገድም ሄዷል፤ ማረፊያዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር እንዳይስማሙ ሆን ተብሎ የተሠራ መሣሪያ አዘጋጅቶ ዝም ባይ ቀንድ ብሎታል። ማረፊያ ሞልቶታል፤ ሙዚቃ ግን አይወጣውም። ድምፅ የሚቆመው በአንድ ድንጋይ ሳይሆን በስምምነት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከዚህ ወዲያውኑ አንድ ለተጫዋች የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ሃርሞኒኮች የሚበዙት ድምፅ ሲጎላ ነው። በጣም ቀስ ብላችሁ ስትነፉ የከንፈር ምት ለስላሳ ይሆናል፤ ሃርሞኒኩ ይሳሳል፤ ጉልቻዎቹ ይጎድላሉ። ስለዚህ ፔዳልን ከሹክሹክታ ለመጀመር የሚሞክር ተማሪ የሚቸገረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መጀመሪያ በመካከለኛ ጉልበት ሞላ አድርጎ መጥራት፣ ከዚያ ድምፁ ሳይጠፋ እያሳነሱ መሄድ ነው ትክክለኛው ቅደም ተከተል።

የጆሮም ድርሻ አለበት፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይህ ክፍል ነው። የስልክ መስመር ለረጅም ዘመን ሲያሳልፍ የኖረው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። የአዋቂ ወንድ ንግግር መሠረቱ 120 ኸርዝ አካባቢ ነው። አባታችሁ ከሩቅ አገር ሲደውሉ መሠረቱ በመስመሩ ላይ አልመጣም ማለት ነው፤ ነገር ግን የሰማችሁት ድምፅ ያው የአባታችሁ ወፍራም ድምፅ ነው። አእምሮ 360፣ 480፣ 600 ሲሰማ በመካከላቸው ያለውን እኩል ርቀት አይቶ 120ን ራሱ ያስቀምጣል። በፔዳል ላይም ይህ ይሆናል። ቱቦው ለ116.5 ድጋፍ የለውም፤ ቤሉም ዝቅተኛ ንዝረትን ወደ ውጭ ከመልቀቅ ይልቅ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የሚደርሰው 116.5 ደካማ ነው። የሚደርሱት በብዛት የላይኞቹ ናቸው። የድምፅ ስፔክትረም የሚያሳይ መተግበሪያ በስልካችሁ ላይ ካለ ፔዳል ሲ ነፍታችሁ ተመልከቱ፤ 116 ላይ አጭር ምሰሶ፣ ከእሱ ወደ ላይ ረጃጅሞቹ ተደርድረው ታያላችሁ። የሚንተከተከው የሞተር ድምፅም ከዚህ ነው፤ ከሥር ቀጭን ከላይ ሀብታም ስለሆነ።

ትሮምቦን ተጫዋቾች ይህን ሁሉ ሲሰሙ ትከሻቸውን ይነቀንቁ ይሆናል፤ ለእነሱ ፔዳል የዕለት ሥራ ነው። የትሮምቦንም የመጀመሪያ ማረፊያ ከቦታው ዝቅ ያለ ነው፤ የእነሱም ፔዳል፣ 58 ኸርዝ ላይ ያለው ቢ ፍላት፣ በላይኞቹ ትብብር ነው የሚቆመው። ልዩነቱ ከንፈር ላይ ነው። የትራምፔት ማውዝፒስ ስፋቱ 16 ወይም 17 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የትሮምቦኑ 25 ገደማ። በሰፊው ውስጥ ብዙ ከንፈር ስለሚገባ ቀስ ብሎ መንቀጥቀጥ አይከብደውም። ሄክቶር ቤርሊዮዝ በ1837 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሬክዊየም ውስጥ፣ ኦስቲያስ በሚባለው ክፍል፣ የትሮምቦኖችን ፔዳል ከፍ ካሉ ፍሉቶች ሥር አስቀምጦ በመካከላቸው ባዶውን ትቶታል። ለትራምፔት እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ አይገኝም ማለት ይቻላል። በሰልፍ ባንድ ቤዙን ቱባው ይይዛል፤ ትራምፔት ወደዚያ የሚወርድበት ምክንያት የለም። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች ባንድ ከተመሠረተ ወዲህ ትራምፔት በእኛ ዘንድ የተስፋፋው በባንድ በኩል ስለሆነ፣ ፔዳልን ሳያገኙት ዕድሜያቸውን ሙሉ በሚገባ የነፉ ሰዎች መኖራቸው አያስደንቀኝም። ፍሉግልሆርን ያለው ሰው ግን ይሞክረው። ርዝመቱ ከትራምፔት ጋር እኩል ቢሆንም ቱቦው ይበልጥ እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ ፔዳሉ ቀለል ብሎ ይመጣል።

በኤፍ ሻርፕና በፔዳል ሲ መካከል አምስት ኖታዎች ቀርተዋል፤ ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ ፍላት፣ ዲ፣ ዲ ፍላት። ተጫዋቾች የውሸት ድምፆች ይሏቸዋል፤ ከፔዳሉ የሚከብዱትም እነሱ ናቸው። ምክንያቱን በኤፍ ላይ ላሳይ። ብዙ መምህራን እነዚህን ኖታዎች አንድ ኦክታቭ በላይ ባለው ጣት ያስነፏቸዋል፤ ኤፍን በአንደኛው ቫልቭ። አንደኛው ቫልቭ ሲጫን የቱቦው ማረፊያዎች ወደ 208፣ 311፣ 415፣ 519፣ 623 ይወርዳሉ። የምንፈልገው ኤፍ 155.6 ኸርዝ ነው፤ ሃርሞኒኮቹ 311፣ 467፣ 622። ሁለተኛውና አራተኛው ማረፊያ አገኙ፤ ሦስተኛው ግን በ415 እና በ519 መካከል አየር ላይ ቀረ። ድስቱ በተጓደለ ጉልቻ ላይ ነው። በዚህ ላይ 311 የራሱ ኖታ ነው፤ የላይኛው ኤፍ። ከንፈር ትንሽ ከጠበቀ ድምፁ ዘሎ ወደዚያ ይወጣል። ይህ ሲደርስባችሁ ስህተታችሁ የት እንደሆነ ድምፁ ራሱ ነገራችሁ፤ ጠብቃችኋል። ፔዳል ሲ ላይ ስትደርሱ ደግሞ እግራችሁ መልሶ መሬት ሲረግጥ ይሰማችኋል።

ከዚህ በኋላ ልምምዱ ግልጽ ነው። ቱቦው ከታች ስለማይደግፋችሁ ኖታውን አስቀድሞ የሚያውቀው ጆሮ መሆን አለበት። በመደበኛው ክልል ጆሮው ያልተዘጋጀ ተማሪም ማረፊያው ይዞ ያስገባዋል፤ በፔዳል ላይ ግን ማረፊያ የለምና ያልሰማችሁትን አትነፉትም። ስለዚህ መጀመሪያ ዘምሩት። 116.5 ለአብዛኛው ወንድ ምቹ ነው፤ ሴቶች አንድ ኦክታቭ በላይ ይዘምሩት፣ ከዚያ በሐሳባቸው ያውርዱት።

ቀጥሎ ድምፅ ማጠፍ። በሎስ አንጀለስ ያስተማረው ጄምስ ስታምፕ ባወረሰን ልምምዶች ውስጥ ይህ ዋና ቦታ አለው። ዝቅተኛውን ሲ ያለ ቫልቭ ንፉ። ሁለተኛውን ቫልቭ ተጭናችሁ ግማሽ ድምፅ ወደ ቢ ውረዱና ወደ ሲ ተመለሱ። አሁን ጣታችሁን ሳታንቀሳቅሱ ያንኑ ቢ በከንፈርና በጆሮ ብቻ አምጡት። ሲ ወደ ቦታው ሊጎትታችሁ ይታገላል፤ አገጫችሁን ትንሽ ዝቅ፣ የጥርሳችሁን መካከል ትንሽ ሰፋ አድርጉ፣ አየሩን አታቋርጡ። ትግሉ የጉልበት ከሆነ ተሳስታችኋል። ከማረፊያ ውጪ ድምፅ ይዞ መቆምን የምትማሩት እዚህ ነው፤ ፔዳልም ሌላ ነገር አይደለም።

ከዚያ በቫልቮቹ ግማሽ በግማሽ እየወረዳችሁ እስከ ኤፍ ሻርፕ ሂዱ፤ እያንዳንዱን ያዙት። ኤፍ ሻርፕን አጥፋችሁ ኤፍን ፈልጉ። ወይም፣ ለብዙ ተማሪ ይህ ይቀላል፣ የውሸት ድምፆቹን ሸለቆ ተዉትና ከዝቅተኛው ሲ በቀጥታ ኦክታቩን ውረዱ። ከንፈር ወደ ፊት ሰብሰብ ይላል እንጂ ወደ ጎን አይሳብም፤ ማውዝፒሱ ከከንፈር ላይ ክብደቱ ይቀንሳል፤ አየሩ ሰፊና ዘገምተኛ ይሆናል፣ ብርድ ቀን እጃችሁን ለማሞቅ እንደምታወጡት ትንፋሽ። መጀመሪያ የሚመጣው ከቅኝት ዝቅ ያለ ይሆናል። ከታች የሚያቆማችሁ ነገር ስለሌለ ሁሉም ሰው ወደ ታች ይንሸራተታል። ወደ ላይ አታንቁት፤ ዘምሩና ድገሙት። አንዴ ሲ ከተረጋጋ በጣቶቹ ቢ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ እያላችሁ መውረድ ይቻላል።

የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ። ከፔዳሉ ማውዝፒሱን ከከንፈራችሁ ሳታነሡ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ወደ ሲ ከዚያም ወደ ጂ ተመለሱ። ከመጣ ፔዳላችሁ ከሌላው አነፋፈሳችሁ ጋር አንድ ነው። ካልመጣ፣ ከንፈራችሁን ገልብጣችሁ ወይም ማውዝፒሱን አንሸራታችሁ ሌላ አፍ ሠርታችኋል ማለት ነው፤ ያ አፍ ለመድረክ አይጠቅማችሁም። የኸርበርት ክላርክ ተማሪ የነበረው ክሎድ ጎርደን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዕለት ልምምድ መጽሐፍ ፔዳልን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ አስገብቶ በጣም ሩቅ ወስዶታል። የመምህሩ የክላርክ የ1912 ቴክኒካል ስተዲስ ግን የሚጀምረው ከኤፍ ሻርፕ ነው። ሁለቱም መንገዶች ትልልቅ ተጫዋቾችን አፍርተዋል። እኔ በመካከል ነኝ። ፔዳል ብቻውን ከፍተኛ ኖታ ይሰጣል የሚለውን አልቀበልም፤ ከፍ ያለው ክልል የሚገኘው ከፍ ባለው ክልል ላይ በመሥራት ነው። ከንፈር ሳይጨመቅ ሙሉ በሙሉ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚመስል የሚያስታውስ፣ ጆሮን ከጣት ፊት የሚያስቀድም ልምምድ ግን ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ የነፋችሁትን ያህል እረፉ። ከዚያ በላይ ሲሆን ከንፈር ይላላል፣ ኮንሰርት ባለበት ቀን ጠዋት ደግሞ ጭራሽ ባይበዛ ይሻላል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ለማቀዝቀዣ ጥቂት ረጃጅም ፔዳሎች መንፋት ግን ለሁሉም እመክራለሁ።

ጓደኛ ካላችሁ የመጨረሻውን በሁለት ትራምፔት አድርጉት። አንዱ ዝቅተኛውን ሲ ሳይነቃነቅ ይያዝ፤ ሌላው ከሥሩ ፔዳሉን ያስገባ። የታችኛው ወደ 115 ኸርዝ ከወረደ ሁለተኛ ሃርሞኒኩ 230 ይሆናል፤ ከላይ ካለው 233 ጋር ሲጋጭ በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚያርገበግብ ሞገድ ትሰማላችሁ። የታችኛው ተጫዋች በጆሮው ብቻ ይጠጋ። እርግብግቢቱ ይዘገያል፣ በሰከንድ ሁለት ይሆናል፣ አንድ ይሆናል፣ ከዚያ ይቆማል፤ የላይኛው ተጫዋችም ምንም ሳይለውጥ የራሱ ኖታ በእጁ ውስጥ ሲወፍር ይሰማዋል። አራት ትንፋሽ ያህል ያዙት፤ ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ።